ውኃ ከየት ይመጣል? ምንስ ይዞ ይመጣል?

(እናቶች በቤታቸው ልጆቻቸውን እንዲያስተምሩበት የተጻፈ)



በጎሮ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ደብተሯን ይዛ መጥታ የውኃን ዑደት አስረዳችኝ። «ፀሐይ ውኃውን ታሞቀዋለች፤ ውኃው ይተናል፤ ሲተን ደመና ይሆናል፤ ደመናው ሲቀዘቅዝ ይዘንባል፤ ዝናቡ ወንዝ ይሆናል፤ ወንዙ ባሕር ይገባል፤ ከዚያ እንደገና ፀሐይ ታሞቀዋለች» ብላ አንድም ሳትሳሳት ተወጣችው። ክቡንም ቀስቱንም በሰማያዊ እርሳስ አሳምራ ሥላዋለች። «ጎበዝ!» አልኳት። ጥቂት ቆይታ ውኃ ጠማትና ወደ ጅረቱ ወረደች። ከብት ከሚጠጣበት፥ ሴቶችም የሕፃን ጨርቅ ከሚያጥቡበት በታች ተንበርክካ በእፍኟ ጠጣች። «ምነው ልጄ፥ ይህን ትጠጫለሽ?» ብላት፥ «እንዴ! የሚሄድ ውኃ እኮ ነው፤ የሚሄድ ውኃ ምንም አይልም» አለችኝ።

ጥፋቱ የልጅቱ አይደለም። በተሰጣት ሥዕል ላይ ላም የለም፤ ሰገራ ቤት የለም፤ ልብስ የምታጥብ ሴት የለችም። በሥዕሉ ውኃው ንጹሕ ሆኖ ብቻውን ይዞራል። በመንደር ግን ውኃ ብቻውን አይዞርም፤ በመንገዱ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። የሚሄድ ውኃ ንጹሕ ነው የሚለውንም ነገር ልጅቱ ከቤት የሰማችው ነው፤ ከእኛ ከትልልቆቹ። ስለዚህ ልጅ የውኃን ነገር ሲማር፥ «ከየት ይመጣል?» የሚለውን ጥያቄና «ምን ይዞ ይመጣል?» የሚለውን ጥያቄ አንድ ላይ መማር አለበት። ይህንንም ለማስተማር ከወጥ ቤት የተሻለ ቦታ የለም። በቤታችሁ የሚነገረው ኦሮምኛ ከሆነ ውኃውን ቢሻን፥ ደመናውን ዱመሳ፥ ዝናቡን ሮባ እያላችሁ አስተምሩ፤ ልጅ በአፍ መፍቻው የሰማውን አይረሳም።

እንጀራ በምትጋግሩበት ቀን ልጁን ወደ ምጣዱ ጥሩት። እሳቱ እንዳያገኘው ግን ራቅ ብሎ ይቀመጥ። አክምባሎውን አንሡና ውስጡን አሳዩት፤ ከሥሩ የውኃ ጠብታ ተንጠልጥሎ ይታያል። በቆርቆሮ አክምባሎ ከሸክላው ይልቅ ጎልቶ ይታያል። «ይህ ውኃ ከየት መጣ? እኔ ውኃ አላፈሰስኩበትም» በሉት። ልጁ ራሱ አስቦ ይመልስ፤ ቶሎ አትንገሩት። ከሊጡ ውስጥ የነበረው ውኃ በእሳቱ ኃይል እንፋሎት ሆኖ ወጣ፤ ከአክምባሎው ጋር ሲገናኝ ቀዘቀዘና ተመልሶ ውኃ ሆነ። ምጣዱን ምድር፥ እሳቱን ፀሐይ፥ አክምባሎውን ሰማይ በሉት። የደብተሩ ሥዕል ያን ጊዜ ሕይወት ያገኛል።

ሁለተኛው ሙከራ ከዚህ ይበልጣል፤ እባካችሁ አትዝለሉት። በአንድ ትንሽ ድስት እስከ ግማሹ ድረስ ውኃ አድርጉ። አንድ ማንኪያ ጨው ጨምሩና አማስሉት፤ ልጁም ትንሽ ይቅመስ። ከዚያ በቀስታ እሳት አፍሉት። እሳቱ ከበዛ ውኃው እየተፈናጠረ ክዳኑን ስለሚያገኘው ሙከራው ይበላሻል። የቀዘቀዘና የታጠበ ክዳን ክደኑበትና ጥቂት ቆይታችሁ አንሡት። ከክዳኑ የሚንጠባጠበውን ውኃ በንጹሕ ማንኪያ ተቀበሉ፤ ሲቀዘቅዝ ለልጁ አቅምሱት። ጨው የለበትም! «ጨዉ የት ሄደ?» በሉት። ልጁ ድስቱን ያሳያችኋል።

ፀሐይም የምታደርገው ይህንኑ ነው። ውኃውን ብቻ ታነሣለች፤ ጨዉን፥ ጭቃዉን፥ እበቱን፥ የበሽታ ተሐዋስያኑንም ከምድር ትተዋቸዋለች። የሕንድ ውቅያኖስ ውኃ በአፍ የማይገባ ጨው ነው። ከዚያ ተነሥቶ በነፋስ የሚመጣልን ደመና ግን ጨዋማ ዝናብ አዝንቦብን አያውቅም። እንግዲህ ከሰማይ የሚወርደው ውኃ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ነው። ጣጣው የሚጀምረው ምድር ሲነካ ነው፤ ከዚያ በፊትም ከጣራችን ላይ ይጀምራል።

ልጆች «ውኃ ሞልቶ የለም ወይ፥ ለምን ትቈጥቢብናለሽ?» ሲሉ አንድ መቶ የገብስ ፍሬ በሰፌድ ላይ ቍጠሩላቸው። የዓለም ውኃ ሁሉ መቶ ፍሬ ቢሆን፥ 97ቱ ጨው ነው፤ ወደ አንድ ጎን አድርጉት። ከቀሩት ሦስቱ ሁለቱ ገደማ በምድር ዋልታዎችና በታላላቅ ተራሮች ላይ የረጋ በረዶ ነው። የቀረችው አንዲት ፍሬ ናት። ከእርሷም አብዛኛው ከመሬት በታች ነው። የዓለም ወንዝና ምንጭ፥ ሐይቅና ጕድጓድ ሁሉ ከዚህች ከአንዲት ፍሬ ይቀዳል። አንድ ልጅ ይህችን ፍሬ አንሥቶ በኪሱ ከተታት፤ እናቱም አልከለከለችውም።

አሁን ከወጥ ቤት እንውጣና በገዛ አገራችን የውኃውን መንገድ እንከተል።

ከጎባ በላይ ያለውን የሳነቴን አምባ የማያውቅ የባሌ ሰው የለም። ከፍታው ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ የቱሉ ዲምቱ ራስ 4,377 ሜትር ነው። ደመናው እዚያ ከፍታ ሲደርስ ይቀዘቅዝና ያለውን ያራግፋል። አክምባሎው እርሱ ነው ማለት ነው። በተራራው ላይ ያለው ሣር፥ አስታውና ረግረጉ ውኃውን ጠጥቶ ይይዛል፤ በደቡብ በኩልም የሐረና ደን ጭጋጉን በቅጠሉ እየያዘ ያንጠባጥበዋል። የተያዘው ውኃ ዝናብ ባቆመ ጊዜ ቀስ እያለ በየምንጩ ይወጣል። በበጋም ጅረት የምናየው ስለዚህ ነው። ተራራው ከተራቈተ ዝናቡ እንደ ጐርፍ ባንድ ጊዜ ወርዶ ያልቃል፤ ምንጩም ይደርቃል። ስለ ደን መጠበቅ በሌላ ጊዜ ብዙ የሚባል አለ፤ እዚህ ላይ ይብቃን።

ከተራራው ከሚነሡት ወንዞች አንዱ ወይብ ነው። ከጎባ ቶጎና፥ ከሮቤ ሻያ ይገቡበታል። ወደ ምሥራቅ ወርዶ የጎሮን አገር ካለፈ በኋላ ከሶፍ ዑመር ዘንድ ሲደርስ ድንጋይ ውስጥ ይገባል። የሶፍ ዑመር ዋሻ መንገዶቹ ተለክተው ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የሆኑ፥ በኢትዮጵያ ከታወቁት ዋሻዎች ሁሉ ረጅሙ ነው። ወንዙ በጨለማው ውስጥ ሲጓዝ ቆይቶ በሌላ በኩል ይወጣል። ከዚያ በታች ገስትሮ ይባላል፤ ወደ ገናሌ ይገባል። ገናሌና ዳዋ በዶሎ ተገናኝተው ጁባ ይሆናሉ፤ ጁባም ሶማልያን አቋርጦ በኪስማዩ አጠገብ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። እዚያ ፀሐይ ታነሣዋለች፤ ጨዉንም ትተወዋለች። እንዲህ ሆኖ የተነሣ ውኃ በሰማይ ላይ ብዙ አይቈይም፤ በአማካይ ከዘጠኝና ከዐሥር ቀን አያልፍም። ከዚያ ዝናብ ሆኖ ይወርዳል፤ ነፋስ ወደ እኛ ካመጣውም በሳነቴ ላይ ይወርዳል።

ይህን ለልጅቱ ስነግራት ዝም ብላ ስትሰማ ቈየችና፥ «እንግዲያ ሶፍ ዑመር የሚገባው እኛ ልብስ ያጠብንበት ውኃ ነው?» አለችኝ። «አዎን» አልኳት። «ከኛ በላይ ያሉትስ ያጠቡበት ወደኛ ይመጣል?» አለች። ለዚህም አዎን ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። ደብተሯን ከፍታ ከሰማያዊው ወንዝ ዳር አንዲት ላም ሣለች። እኔ እንደማስበው ትምህርቱ የገባት በዚያች ሰዓት ነው።

ስለ ዋሻው ካነሣን ዘንድ አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው «ከድንጋይ ውስጥ የወጣ ውኃ ተጣርቶ ነው የወጣ» ይላል። ይህ አነጋገር እንደ ድንጋዩ ዓይነት እውነትም ሐሰትም ይሆናል። ሁለት የተበሱ ጣሳዎች አምጡ። አንዱን በደቃቅ አሸዋ፥ ሁለተኛውን በጠጠርና በድንጋይ ስብርባሪ ሙሉ። በሁለቱም ላይ የደፈረሰ ውኃ አፍስሱ። ከአሸዋው በታች ቀስ እያለ ጠራ ያለ ውኃ ይንጠባጠባል፤ ከጠጠሩ በታች ግን እንደ ደፈረሰ ቶሎ ይወርዳል። የሶፍ ዑመር ድንጋይ የኖራ ድንጋይ ነው። የኖራ ድንጋይ በዝናብ ውኃ ቀስ በቀስ ስለሚሟሟ ስንጥቅና ቦይ ይበዛበታል። ወንዝ የሚያህል ነገር የሚያሳልፍ ድንጋይ የሰገራ ቤትን ፍሳሽ አያስቀርም። በእንዲህ ያለ አገር የምትኖሩ ሰዎች ምንጫችሁ ጥርት ብሎ ቢወጣም አትመኑት። በተለይ ከዝናብ በኋላ የሚደፈርስ ምንጭ ከላይ ያለው ነገር ሳይጣራ እንደሚደርስበት ራሱ እየነገራችሁ ነው። ልጆቹም በአሸዋ የጠራውን ውኃ እንዳይጠጡት ንገሩአቸው። ዐይን የማያየው ተሐዋስ በውስጡ ሊቀር ይችላል፤ አሸዋው ለትምህርት ነው እንጂ ለመጠጥ አይደለም።

ዐይን የማያየው ማለቴን በምሳሌ ላስረዳ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1854 ዓመተ ምሕረት በሎንዶን ከተማ በብሮድ ጎዳና ኮሌራ ገብቶ ብዙ ሰው ፈጀ። ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም የሞቱትን ቤት ለቤት ሲቈጥር፥ ከሰፈሩ ርቃ በምትኖር አንዲት ባልቴት ላይ ደረሰ። ባልቴቲቱ ቀድሞ በዚያ ጎዳና ኖራ ነበርና የቧንቧውን ውኃ ጣዕም ስለምትወደው በየቀኑ በጠርሙስ ያመጡላት ነበር። እርሷም፥ ልትጠይቃት የመጣችው ዘመዷም ከዚያው ጠጥተው ሞቱ። ውኃው የሚያስጠላ ቢሆን ኖሮ አሮጊቷ ባልተመኘችው ነበር። ጣፋጭ ነበር።

ነገሩ የሩቅ አገርና የድሮ ዘመን ብቻ አይደለም። በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በዚሁ በባሌ፥ በሐረና ቡሉቅ ወረዳ፥ ኮሌራ ታየ። ከዚያም በርበሬን ወደ መሰሉ ሌሎች ወረዳዎች ተላለፈ፤ ወደ ሶማሌ ክልልም ወደ ሊበን ዞን ደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት በብዙ የኢትዮጵያ ክፍሎች ተስፋፋ። ኮሌራ ከታመመ ሰው ዐይነ ምድር ወጥቶ በውኃና በምግብ ወደ ሌላው አፍ የሚገባ በሽታ ነው። ወንዝ ላይ ያለ መንደር የታችኛው መንደር ጎረቤት ነው፤ ሁለቱ ተያይተው ባያውቁም እንኳ።

እንግዲህ በቤት ምን ይደረግ?

በባሌ ደጋ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ከመጋቢት እስከ ሰኔ ገደማ፥ ዳግመኛም ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ገደማ። ከሁሉ የሚያሠጋው ደረቁ ወራት ካለፈ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ ነው። ሜዳው ላይ የተጣለውን ዐይነ ምድርና እበት ሁሉ ጠራርጎ ወደ ጅረቱ የሚያወርደው እርሱ ነው። ከቆርቆሮ ጣራ ውኃ የምትቀበሉም ብትሆኑ የመጀመሪያውን ዶፍ ለአትክልቱ ልቀቁት፤ ጣራው ከታጠበ በኋላ ያለውን ተቀበሉ።

ሰገራ ቤት ከምንጭና ከጕድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር የራቀና በቍልቍለቱ በታች በኩል የተቈፈረ ይሁን። ይኸውም 40 የሚሆን የትልቅ ሰው እርምጃ ነው። በኖራ ድንጋይ አገር ግን ይህ ርቀት ብቻውን ዋስ አይሆንም፤ ቦታውን ከመቈፈራችሁ በፊት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አማክሩ። የሕፃን ዐይነ ምድር «የልጅ ነው፥ አይጎዳም» ይባላል። ይጎዳል። ወደ ሰገራ ቤት ይጨመር እንጂ ከጓሮ አይጣል፤ ጨርቁም በጅረቱ ውስጥ አይታጠብ። ውኃ ቀድታችሁ ከጅረቱ ራቅ ብላችሁ እጠቡ፤ እጣቢውንም ከሰገራ ቤቱ ጨምሩት። ይህ ሥራ ይበዛል፥ ዐውቃለሁ። ውኃ የምትሸከመው እናት ናትና፥ እንዲህ እያልን ስንመክር የሷን ጀርባ መርሳት አይገባንም። ስለዚህ ባልና ታላላቅ ወንዶች ልጆችም ጄሪካኑን ያንሡ፤ ውኃ መቅዳት የሴት ብቻ ነው የሚል ሕግ የለም።

የመጠጥ ውኃ ይፈላ። በደጋ አገር ውኃ ቶሎ ይፈላል፤ ነገር ግን ሙቀቱ ያነሰ ነው። በባሕር ጠረፍ ውኃ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፥ ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነችው በሮቤ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ በደጋ ሲንተከተክ ጀምሮ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ይቈይ። ማገዶ ካነሰ በእቃው ላይ በታዘዘው መጠን የውኃ ማከሚያ መድኃኒት መጨመር ይቻላል። የፈላውን ውኃ በታጠበ እንስራ ወይም ጄሪካን አድርጋችሁ ክደኑት። እጁን ያልታጠበ ልጅ በጣሳ እየጠለቀ ከቀዳው ሁሉ ድካማችሁ ከንቱ ነው፤ አፈ ጠባብ ዕቃ ቢሆንና ተደፍቶ ቢቀዳ ይሻላል፥ አለዚያም እጀታው ረጅም የሆነ ጭልፋ ይኑረው። እጅም ከሰገራ ቤት መልስ፥ ሕፃን ካጸዱ በኋላ፥ ምግብ ከመሥራትና ከመብላት በፊት በሳሙና ይታጠብ፤ ሳሙና ከጠፋ በአመድ።

ይህም ሁሉ ተደርጎ ልጅ ተቅማጥ ቢይዘው የሚገድለው ከሰውነቱ የሚወጣው ውኃና ጨው ነው። ያንኑ መልሱለት። ከጤና ኬላ የሚሰጠው የሕይወት አድን ዱቄት ካለ እርሱ ይቀድማል። ከሌለ በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ልክ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ልክ ጨው በጥብጡ። ማንኪያው ሞልቶ አይፍሰስ፤ ጨው ከበዛ ራሱ ይጎዳል። ልጁ ባስቀመጠው ቍጥር፥ ከሁለት ዓመት በታች ከሆነ ከሩብ እስከ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ፥ ከዚያ በላይ ከሆነ ከግማሽ እስከ አንድ የሻይ ብርጭቆ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣ። የሚጠባም ልጅ ጡት አይከልከል። ዐይኑ ከጎደጎደ፥ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፥ መጠጣት ካቃተው፥ ደም ካስቀመጠው ወይም እንደ ሩዝ እጣቢ ያለ ውኃ ደጋግሞ ካስቀመጠው፥ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ በመንገድም እያጠጣችሁ ሂዱ።

በመጨረሻ ለልጆች አንድ የእግር መንገድ ትምህርት አለ፤ ወንዙ ባልሞላበት ቀን ከትልቅ ሰው ጋር ይደረግ። ውኃ ከምትቀዱበት ቦታ ላይ አንድ የገብስ ጭድ በጅረቱ ጣሉና ልጆቹ በዳር በዳር እየተከተሉት ይውረዱ። ያለፈበትን ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጥሩ፤ «እዚህ በሬ ይጠጣል፤ እዚህ ጋሼ መኪና ያጥባል፤ እዚህ ገንዳ አለ»። ጭዱ ከዐይናቸው ሲሰወር ይመለሱና ደግሞ ከመቅጃው ሽቅብ ይውጡ። ያቺ የጎሮ ልጅ ሽቅብ ስትወጣ ሦስት የከብት ማጠጫና ሁለት የልብስ ማጠቢያ ቈጠረች። በማግስቱ ትንሽ ወንድሟ ከጅረቱ ሊጠጣ ሲያጎነብስ በሸሚዙ ይዛ አስቀረችው፤ «ቆይ፥ ቤት የፈላ አለ» ብላ።